የመርማሪው የኋላ ማርሽ

ልብስ ሰፊው መኪና መመርመር መቼ እንደጀመረ እንጃ፤ ሰፈሩ ግን «መርማሪው» ብሎ ስም ካወጣለት ቆይቷል። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነው። ኮፈኑን አስከፍቶ ጆሮውን ይጥላል፣ ጭሱን ያሸታል፣ ከዚያ መቀስ ይዞ ጨርቅ ፊት እንደቆመ ሰው ረጋ ብሎ ይፈርዳል። ሰውም «ይሄ ሰው ባይነግረኝ ጉድ ሆኜ ነበር!» እያለ አመስግኖት ይሄዳል።

ለራሱ ሲሆን ግን አንዱም አልዋጥልህ አለው። ሚስቱ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ወንድሟ በያጅ ነውና ምድጃዋን ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይ ገጥሞላታል፤ የሚጎትተው መኪና ጠፍቶ ግን ግቢ ውስጥ ድመት ትወልድበታለች። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ በተገኘ ቁጥር መርማሪው ሄዶ ያያል፣ አይቶም ይጥላል። አንዱ ዘይት ይበላል፣ አንዱ ባሌስትራው ደክሟል፣ አንዱ ደግሞ ምንም እንከን ቢጠፋበት «እንዲያው ሆዴ አልወደደውም» ተባለ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሆዱ ያልወደደው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም! ወደ ፊት ሲነዳማ ማን ብሎት። ተጎታች ከኋላ ካለ ግን መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይሄ ነገር ድሮ፣ በወንደላጤነቱ፣ ሰው በተሰበሰበበት አዋርዶታል። የዚያን ቀን የተሳቀበት ሳቅ እስካሁን ከጆሮው አልወጣም። አሁን ደግሞ «መርማሪው» ተብሎ፣ እንዲህ ሆኖ መታየት? ሞቱ ነው!

በዚህ ሳምንት ግን ሰበብ አለቀ። አዲሱ ሆስፒታል ሰኞ ሊከፈት ነው፤ የጥበቃ ኃላፊው ለሚስትየው በሩ አጠገብ ቦታ ሰጥቷታል። ሰኞ ጠዋት ምድጃዋን ይዛ ካልተገኘች ቦታው የሌላ ነው። ስለዚህ ባሏን ሳታማክር ሄዳ ሻጭ ከነመኪናቸው ይዛ መጣች፤ በዚያው ፒክአፕ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ታንከር ሲጎትቱ የኖሩ አሮጊት።

መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ።

«እማማ፣ ይቺ መኪና ስትነሳ ታጨሳለች።»

«እኔም ጠዋት ስነሳ አስላለሁ፣ ልጄ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውላለሁ።»

«ባሌስትራዋም ተቀይሯል።»

«ታዲያ ተሰብሮ ልተወው ኖሯል?»

«ፍሪሲዮኗ ደግሞ…»

«ኧረ ፍሪሲዮኗን ተዋት!» አሉ አሮጊቷ ቁጣቸው መጥቶ። «ለመጎተት አይደል የፈለግሃት? ተጎታቹን ቀጥልና ወደ ውጭ አውጣው፣ መልሰህ አስገባው። ያን ጊዜ ታያታለህ።»

መርማሪው ጎማውን ነካ ነካ አደረገ፣ ንጹሑን መስታወት ወለወለ። ሚስቱ ዐይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። ምን ያድርግ፣ ተጎታቹን ቀጠለና ከመሪው ኋላ ገባ። የግቢውን በር እንደ ቅቤ ሾልኮ ወጣ፤ ወደ ፊት ነዋ! ሊመለስ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ግን ጸጉር አስተካካዩ ከሱቁ ብቅ አለ፣ ጎሚስታው ሥራውን ጥሎ መጣ፤ መኪና የመረመረላቸው ሁሉ መርማሪው ሲነዳ ለማየት ወጡ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ተጎታቹ ወደ ግራ ሄደ። ደንግጦ ጭራሽ ወደ ቀኝ ቢጠመዝዘው ይባስ ብሎ ተጣጠፈና ከበሩ ምሰሶ ጋር ተላተመ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ተገንጥሎ መሬት ላይ ወደቀ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ።

ሚስቱ አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ይሄ ነው?»

እጁን ከመሪው አነሳ።

«እነዚያን ሁሉ መኪኖች የጣልካቸው በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው» አለ።

እንባዋ ግጥም አለ። «እኔ እኮ እንድሠራ የማትፈልግ መስሎኝ ነበር። ሰው መሀል ቆሜ ዳቦ ስሸጥ የምታፍርብኝ መስሎኝ። ስንቴ ልብሴን ሸክፌ መልሼ ፈትቼዋለሁ መሰለህ!»

ሰውየው ክው አለ። የሰውን ሞተር ሁሉ ሲያዳምጥ ኖሮ ይሄን አንድ ቀን እንኳ አልሰማም። ልብስ የተሸከፈው እሱ ከሚተኛበት አልጋ ሥር ነው እኮ! በሩን ከፍቶ ወረደ። ሰዎቹ ገና ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንገቱን ሊደፋ ፈለገ፣ ግን ሚስቱን አያት።

«እማማ» አለ፣ ጸጉር አስተካካዩም ጎሚስታውም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «እኔ አልችልበትም። ያስተምሩኝ።»

«መጀመሪያ እንዲህ ብትል ኖሮ ፍሪሲዮኔን ባላማሃት!» አሉ አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመሪው ኋላ እየገቡ። «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥና እጄን እይ።»

ከወዲያ በኩል ዞሮ ሊገባ ሲል ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ጭስ ማውጫውን ከመሬት አንስታ ታቅፋዋለች።

«ግቢ፣ ጸሐይ ነው» አላት። «እኔ ብዙ ጊዜ ሳልቆይ አልቀርም።»

«ቆይ» አለችው። «የትም አልሄድም።»