ሸይማእ የጠፋችበት ካርቶን

አርብ አርብ ካርቱም፣ ደይም ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል የሐበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። በሌላው ቀን እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። የቤቱ እመቤት ልጆቿ ያደጉባቸውን የሥዕል መጻሕፍት ካርቶን ሙሉ ስትሰጠኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። የህንድ ልጅ፣ የቻይና ልጅ፣ ጠጉሯ ክርድድ ያለ ልጅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ፣ ያልተሳለ የለም።

«እናንተን የሚመስለውን ፈልጉ» አልኳቸው።

ተረባረቡበት። የሰባት ዓመቷ ሸይማእ ብቻ ሁሉንም አንድ በአንድ ገልጣ ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ደረደረች።

«ማፊ፣ ኡስታዛ። እኔ የለሁም። ኸላስ፣ በቃኝ፣ ሁለተኛ አልመጣም።»

እናቷ ናርዶስ የጎንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ፈድለላ ሱዳናዊ ባለሪክሻ፣ በእኛ አጠራር ባለባጃጅ። «እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በአረብኛ ትመልስልኛለች። ትምህርቱን ከተወች አበቃልኝ» ብላ ናርዶስ በር ላይ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። በራሴም ተናደድኩ።

መጽሐፉን ራሴ ልሠራላት ተነሣሁ። ሥዕል አልችልም፤ የሳልኩት ሰው ሁሉ ድንች ይመስላል። ቢሆንም አራት ወረቀት ሰፍቼ፣ ናርዶስን ነጠላ፣ ፈድለላን ጀላቢያ አልብሼ፣ ልጅቷን መሀል አድርጌ ሰማያዊ ሪክሻ ላይ ጫንኳቸው። በሳምንቱ እናቷ ለምና አመጣቻት። ሸይማእ ሥዕሉን አይታ ከት ብላ ሳቀችና በአረብኛ ታርመኝ ጀመር።

«ማማ እንዲህ ሆና አትወጣም። ከላይ የሱዳኑን ቶብ ትጠቀለላለች፤ ነጠላው ከውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቶቡን አውልቃ ለባባ ትሰጠዋለች።»

«እሱስ?»

«ትከሻው ላይ አድርጎ ሪክሻው ላይ ይጠብቃታል። ሰዎች ይስቁበታል፤ እሱም ይስቃል።»

«አንቺስ የት ነሽ?»

«ከማማ ጋር እገባለሁ። ሲደክመኝ ባባ ጋ።»

በዚያ ቤተ ክርስቲያን በር ዘጠኝ ዓመት ተመላልሻለሁ። የሴት ቶብ ይዞ የሚጠብቀውን ሰውዬ ስንቴ እየሳቅኩበት አልፌዋለሁ፤ የማን አባት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ከለሮቹን ሰጠኋት።

የአባቷን ትከሻ መሬት ላይ በሚጎተት ብርቱካናማ ቶብ ሸፈነችው። ራሷን ሁለት ጊዜ ሳለች፤ አንዴ ከእናቷ ጎን፣ አንዴ ሪክሻው ላይ። ይህን ያየው ሌላው ተማሪዬ ስለሺ የመረጠውን መጽሐፍ ወርውሮ ወረቀት ጠየቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወር ወረቀቴን ጨረሱት።

ሊወስዷት ሲመጡ አባቷን በጀላቢያው ጎትታ አስገባችው። ፈድለላ ሥዕሉን ብዙ አየው። ሰማያዊውን ሪክሻ በጣቱ ነክቶ «ሪክሻ ቀይ» አለኝ፣ በዚያችው ባለችው አማርኛ።

እውነቱን ነው፤ ቀዩ ከለር ግን አልቋል። ሸይማእ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማማ፣ ለአርብ ቀይ ከለር ግዢልኝ» አለቻት፣ በአማርኛ።

ናርዶስ በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።