ሻዕባን አንደኛ የወጣ ቀን

"ሻዕባን አንደኛ? ኧረ በሕግ አምላክ!" ብሎ ጮኸ የባጃጅ ሹፌሩ፤ ስልኩን ሁንዴሳ አፍንጫ ሥር ወሸቀው። "ቸሩ እያለ? ቸሩ እኮ አንዴ ከጀመረ ትንፋሽ አይወስድም!"

"ትንፋሽ አለመውሰድ ከሆነ ጉዳዩ፣ ዓሣም ራፐር ነው በለና" አለ ሁንዴሳ፣ የሚጠግነው ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ።

ሱቁ ሳቀ። ሱቅ እንበለው እንጂ አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለች፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ሁንዴሳ ሞባይል ይጠግንባታል፤ ተቀጣሪው ሻዕባን ደግሞ ለመጣው ሁሉ ሙዚቃ በሜሞሪና በፍላሽ ይጭንባታል። ራፐር ለደረጃ ሳይቀርብ የዋለበት ቀን የለም። ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ቸሩ አንደኛ ይሆናል፤ ከሰዓት የባምባሲ ልጆች ለገበያ ሲመጡ የራሳቸውን ምስጋናን ይሾማሉ፤ ማታ ሁለቱም ተሽረው አዲስ ይወጣል። ሻዕባን እዚያው ቆሞ እየሰማ ሁሌም አምስተኛ ነበር። እሱንም ቢሆን ሁንዴሳ ነው በይሉኝታ የሚያስገባው።

ዛሬ ጠዋት ግን ሌንጂሳ፣ የከተማው ወጣት ሁሉ በሚከታተለው የቴሌግራም ገጹ ላይ "የአሶሳ አምስት ምርጥ ራፐሮች" ብሎ ሲያወጣ፣ ሻዕባን ኸሊፋን ከሁሉም በላይ ፎቶውን አድርጎ ለጠፈው። ጉድ የፈላው ከዚያ ወዲህ ነው።

"እኔ ሻዕባንን ጠልቼ አይደለም" አለ ሹፌሩ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን እውነቱን እንነጋገር። አንደኛ ያደረገው ግጥሙ አይደለም፤ የዋዛው መለከት ነው። ያቺ ድምፅ ስትገባ እኔ ራሴ ባጃጄን ዳር አስይዤ ነው የምሰማት። እሷን አውጣና ሻዕባን ያው አምስተኛ ነው።"

ሻዕባን ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ፍላሽ መጫኑን ቀጠለ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚለው አያጣም ነበር። ዛሬ ግን ሰውዬው ልክ ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ሌንጂሳ ሻዕባን የሠራውን ዘፈን ሰምቶ "አሪፍ ነው ብሮ፣ ግን እንዳንተ ያለው አሥር ነው። የሀገርህን ነገር አስገባበት፤ ዋዛ አለላችሁ አይደል?" አለው። ዋዛ ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚወጣው ነፊዎቹ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ በተራው እየነፋ ሲቀባበሉ ነው። በእነ ሻዕባን መንደር ደግሞ ዘር ከተዘራ ጀምሮ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ዋዛ አይነፋም። ከተነፋ አዝመራው ላይ መዓት ይመጣል ይባላል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሻዕባንም ያውቀዋል፤ አባቱ ኸሊፋ ነፊ ነው፣ አያቱም ነፊ ነበር።

ያን ቀን መንደር ሲደርስ አባቱ አረም ላይ ነበር። መለከቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ዝናቡ ይወርዳል፤ በዚህ ዝናብ ማን ይሰማል? አለና አወረደው፤ ከማንጎዎቹ ጀርባ ወስዶ ነፋው፤ በስልኩ ቀዳው፤ አድርቆ ጠቅልሎ እንደነበረው ሰቀለው። በሳምንቱ በረዶ ወርዶ የታችኛውን ማሳ ማሽላ እንዳለ አስተኛው። እናቱ በስልክ ስትነግረው "አላህ ይተካ" አለና ቶሎ ዘጋ። በረዶ የትም ይጥላል ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ በዛብኝ እያለ መንደር አልሄደም።

ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ግድም ሌንጂሳ ሞተሩን ደጅ ላይ ሳያጠፋ "አንደኛ! ውጣ!" ብሎ ተጣራ።

"የት?"

"መንደራችሁ ነዋ! ማሽላው ታጭዶ ዛሬ ዋዛ ይነፋል አሉ። አባትህ ሲነፉ፣ አንተ ከጎናቸው ስትራፕ እቀዳለሁ። አዲስ አበባ ያለው የስቱዲዮ ሰውዬ ገጹን አይቶታል። 'ልጁን ከነሀገሩ አሳየኝ' ነው ያለኝ። ዛሬውኑ እልክለታለሁ፤ ከወደደው ይጠራሃል። ገባህ? ይጠራሃል!"

ሻዕባን ከወንበሩ ተነሳ። ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረው ይህንኑ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ስቱዲዮ፣ ስሙን የሚጠራው ሰው። ወዲያው ደግሞ አባቱና ያ የነሐሴ ቀን ትዝ አሉት።

"ሂድ አቦ" አለው ሁንዴሳ። "የዛሬን አልቆርጥብህም። ነገ ግን አንደኛም ብትሆን ፍላሽ ትጭናለህ።"

በሆሞሻ መንገድ ሲሄዱ ሌንጂሳ አፉ አላረፈም። ሻዕባን ከኋላ ተቀምጦ ፊቱን በሸሚዙ ኮሌታ ሸፍኗል።

"ሰው አንደኛ ወጥቶ ያኮርፋል እንዴ?"

"አላኮረፍኩም። አቧራው ነው።"

ከመንደሩ በፊት ድምፁ ደረሰ። ሌንጂሳ ሞተሩን አጥፍቶ "ኡፍ! ስማ፣ ስማ!" አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ለእሱ ሙሉ ዜማ ነው። ሻዕባን ግን ሌላ ነገር ሰማ። ዜማው ይዞር፣ ይዞርና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል። ሁለተኛም ሲዞር እዚያችው ላይ ዘለለ። የጎደለችው ድምፅ የትኛዋ እንደሆነች ከሻዕባን በላይ የሚያውቃት የለም፤ ኮምፒውተር ላይ ሲቆርጣትና ሲቀጥላት ነው የከረመው። የአባቱ ድምፅ ናት።

አባቴ ታሟል ብሎ ሮጠ። ኸሊፋ ግን አልታመመም። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሕፃን ካዘሉ እናቶችና ጥርሳቸው ካለቀ ሽማግሌዎች መሐል፣ ማንጎ ሥር ተቀምጧል። እግሩ ምቱን ይይዛል። ተራው ሲደርስ ሳያስበው ከንፈሩ ይሞጠሙጣል።

"ባባ፣ አሞሃል እንዴ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። መጣህ? እናትህ ዓይኗ መንገድ ላይ ቀረ እኮ።"

"ለምን አትነፋም?"

"ዘንድሮ አርፌያለሁ።"

"ዋዛ ይታረፋል እንዴ ባባ?"

ኸሊፋ፣ ሌንጂሳ ራቅ ብሎ ነፊዎቹን እየቀዳ መሆኑን አየና፣ እንደ ጀመሩት በቤርትኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "ነሐሴ ላይ ዋዛ ተነፋ። ሰው ሰማ። በሳምንቱ በረዶው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሰብስበው ማነው አሉን። የኔን መለከት ድምፅ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምን ልበል? እኔ ነኝ አልኩ።"

ሻዕባን ከአባቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። "ባባ፣ አንተ አረም ላይ ነበርክ።"

"መለከቱን ሳወርደው ጨርቁ የተቋጠረው በግራ ነው" አለ ኸሊፋ። "በግራ የሚቋጥር ልጅ አንድ ነው ያለኝ።"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?"

"እኔን ሦስት መኸር ነው ያስቀመጡኝ። ሦስት መኸር አላህ ካለ ያልፋል። አንተን ቢሆን እስክትሞት ዋዛ አትነካም ነበር፤ ሳይፈቀድለት የነፋ ልጅ አይወርስም። ይህ መለከት ከአያትህ ነው የመጣው። ካንተ ሌላ ለማን እሰጠዋለሁ?"

አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ በዱላ ቢለውም ይሻለው ነበር።

"በረዶው በዚያ ነው የመጣው ትላለህ?" አለ ሻዕባን።

"የበረዶውን አላህ ያውቃል። አደራውን ግን እኔ አውቃለሁ።"

ዜማው ዞሮ መጣና እዚያችው ላይ ዘለለ። አንዲት አሮጊት "አይ ኸሊፋ!" ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሻዕባን ያንን ሰማ። በዘፈኑ መጀመሪያ ላይ የሚላት ስንኝ ጆሮው ላይ መጣች፦ "አባቴ ባንድ ድምፅ መንደር ያስነሳል፣ እኔ ሺህ ቃል ይዤ ማን ይሰማኛል?" ሰዉ የሚወድለት ይህችን ነው። አፈረባት። ያንን የነሐሴ ቀን መልሶ ማግኘት፣ ጨርቁን ሳይፈታ ዝናቡ እስኪያባራ ዝም ብሎ መቀመጥ ተመኘ። ግን ማን ይመልስለታል!

ሌንጂሳ እያለከለከ መጣ። "አባባ፣ ይሰለፉ እንጂ! ብርሃን ሳለ እንቅዳ!"

"እኔ ዛሬ አይነፋም" አለው ኸሊፋ በገበያ አማርኛው። "አንተ እነሱን ቪዲዮ አንሳ።"

ሌንጂሳ ሻዕባንን በክንዱ ይዞ ዳር ወሰደው። ሻዕባን በአጭሩ ነገረው፤ ያስተዛዝነኛል ብሎም አስቦ ነበር። ሌንጂሳ ግን ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ።

"እና ምን ችግር አለው? ድምፁ ስልክህ ላይ አለ አይደል? ስፒከር ይዣለሁ። ክፍተቷ ላይ እንለቃታለን፤ አባባ መለከት ይዘው ይቁሙልን ብቻ። ማን ያውቃል?"

ይህም ይነገር፤ ሻዕባን ለትንሽ ጊዜ አሰበው። የስቱዲዮው ሰውዬ ይወደዋል፤ አባቱም በሦስት መኸሩ ተመልሶ ይነፋል፤ መለከቱም አንድ ቀን የእሱ ይሆናል። ማንም ምንም አይጎዳም። ግን "ማን ያውቃል" ያለው ድምፅ፣ ነሐሴ ላይ "ማን ይሰማል" ካለው ከራሱ ድምፅ ጋር አንድ ሆነበት።

ነፊዎቹ ውኃ ሊጠጡ አረፉ። መለከቶቹን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሚፍታህ፣ ሰው አልባ የሆነውን የኸሊፋን መለከት ከጎናቸው አስደግፈው ተቀምጠዋል። ሻዕባን ወደ እሳቸው ሲያመራ ሊያደርግ ያሰበው ለአባቱ ገባው።

"ሻዕባን! ተመለስ! ተቀመጥ ብዬሃለሁ!"

አልተመለሰም። ፊታቸው ሲደርስ ጫማውን አወለቀ።

"አባ ሚፍታህ፣ ነሐሴ ላይ የነፋሁት እኔ ነኝ። አባቴ አረም ላይ ነበር።"

ውኃ የሚጠጣው ነፊ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ።

"ለምን ነፋኸው?" አሉ ሚፍታህ።

"ለዘፈን።"

"ምን ላለው ዘፈን?"

ሻዕባን አንደኛ ያወጣኝ ዘፈን ሊል ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ቃሉ ራሱ ትርጉም አጣበት። "ለራሴ" አለ።

ሚፍታህ መለከቱን በእጃቸው ያዙ። "አባትህ የሸፈነልህን ገለጥከው። እንግዲህ ፍርዱ ወዳንተ ይዞራል። ዋዛ በእጅህ አይያዝም፤ ካባትህም አትወርስም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"ኸሊፋ! ና፣ መለከትህን ውሰድ!"

ኸሊፋ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። አልፎት ሲሄድ ቆም አለና ልጁን ሳያየው "ለማን ልሰጠው ነው እንግዲህ?" አለው በሹክሹክታ። ኸሊፋ መለከቱን አነሳ፤ አፉን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ፤ ወደ ቦታው ገባ። ዜማው ተጀመረ። ዞሮ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አልዘለለም፤ ሞላ። ያቺ አሮጊት እልል አለች።

ሻዕባን አባቱ ተቀምጦበት የነበረው የማንጎ ሥር ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ መቀመጫው እዚህ እንደሆነ ገባውና አለቀሰ።

"ሻዕባን፣ በአላህ!" አለ ሌንጂሳ ካሜራውን እንደደገነ። "አሁን ሞልቷል እኮ! ግባና አንድ ስንኝ በል፤ ሰውዬው እየጠበቀ ነው!"

"እነሱን ቅዳ። እኔ አልገባም።"

"እድልህን በእጅህ እየጣልክ ነው!"

"አውቃለሁ ሌንጂ።"

ስልኩ ጮኸ። ሁንዴሳ ነው፤ ከበስተጀርባው ጫጫታ ይሰማል። "ሱቁ ጢም ብሏል ልጄ! ሰው ሁሉ የአንደኛውን ዘፈን ጫንልኝ ይላል። ፋይሉን የት ነው የከተትከው?"

ሻዕባን በስንት ሰው ሜሞሪ ላይ በገዛ እጁ እንደጫነው አሰበ። የባጃጁም፣ የሚኒባሱም፣ የተማሪውም ስልክ ላይ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያንን የሚመልሰው የለም። እሱ እጅ ላይ የቀረችው የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለችው ኮፒ ብቻ ናት።

"ዴስክቶፑ ላይ ነው፤ በስሜ።"

"ቆይ... አዎ፣ አገኘሁት።"

"አጥፋው።"

"ምን?"

"አጥፋው ሁንዴሳ። ለሚጠይቅህ የቸሩን ጫንለት።"