ከዘጠኙ ሁለቱ

ከአቃቂ ገበያ ጀርባ፣ አሮጌው የባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት ሰፈር ፈርዶሳን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋና ድስት የምትሸጥባት ሱቋ መንገድ ዳር ናት። ሰው ግን ወደ እሷ የሚመጣው ባልዲ ፈልጎ ብቻ አልነበረም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፈርዶሳ ትጠራለች። ቦይ ሲደፈን ወረዳ ሄዳ የምትጮኸው ፈርዶሳ ናት። ሰው ሲሞት ደግሞ የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው በእሷ እጅ ነው። ድስቱን አውጥታ፣ ሽንኩርት ከታፊውን መድባ፣ ለቀስተኛው በልቶ እስኪነሳ ድረስ ከጓዳ አትወጣም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ አንድ ቃል ነበር የምትመልሰው፤ «እሺ»።

ባሏ ጁማ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፋል። አንዳንዴ ቤት ሲገባ እሷን ካጣት፣ «እኔስ ከቤት የምጠፋው ስለሚከፈለኝ ነው፤ አንቺን ማን ይከፍልሻል?» ይላታል።

«አላህ» ትለዋለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ታላቅ እህቷ ኡምሀኒ ከስልጤ መጣች። እናታቸው ስትሞት ፈርዶሳ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችና ያሳደገቻት ኡምሀኒ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት አዲስ አበባን ከረገጠች አራት ዓመት አልፏታል። አሁን ግን በርበሬና ቅቤ ቋጥራ፣ ሦስት ቀን ልትቀመጥ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።

በመጀመሪያው ቀን እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሳይላቀቁ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ፈርዶሳ «መጣሁ» ብላ ወጥታ ስትመለስ ኡምሀኒ ተኝታለች። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ነበረ። ከዚያ ስትወጣ አንድ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ተወሰደች፤ ጀምበር እስክትጠልቅ ሰውየው «ይቅርታ» የሚለው ቃል አልወጣው ብሎ ዋለ። ሦስተኛው ቀን የቦይ ጠረጋ ነበር። ኡምሀኒ ውላ የምታመሸው ከአሥራ አምስት ዓመቷ ሰሀር፣ ከፈርዶሳ ብቸኛ ልጅ ጋር ነበር።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ፈርዶሳ እህቷን ወደ መናኸሪያ ሸኘቻት። ኡምሀኒ አንድ እግሯን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«አንቺን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት» አለቻት። «ቤትሽን አየሁት፣ ያምራል። ሱቅሽንም አየሁ። ልጅሽን ጠግቤ አየኋት። አንቺን ግን ሳላይሽ መሄዴ ነው፣ ፈርዶሳ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ፈርዶሳ መልስ አታጣም ነበር። አውቶቡሱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እጇን እንዳነሳች ቆማ ቀረች። ወደ ቤት የመለሳት ባጃጅ ውስጥ ሆና እንባዋን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ፣ ባለባጃጁ ሰው የሞተባት መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰው።

ጳጉሜ ገባ። በሁለተኛው ቀን ዶፍ ዝናብ ሲወርድ እማማ አለሚቱ ሱቋ ውስጥ ተጠለሉ። እማማ አለሚቱ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የዕድሩም አንጋፋ አባል የሆኑ ሴት ናቸው። ፈርዶሳ ወንበር አቀረበችላቸውና ሳታስበው የእህቷን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ለመሆኑ ስንት ቦታ ነው ያለሽው?» አሏት።

ፈርዶሳ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ዕድሩ፣ የወላጆች ኮሚቴው፣ የመስጊዱ የሴቶች ጀመዓ፣ ቦዩ፣ የሱቆቹ ተጠሪነት፣ የአገሯ ልጆች መረዳጃ… አንድ እጇ አልቆ ሌላው ተያዘ። ዘጠኝ ሲደርስ ራሷም ደነገጠች።

«ፋብሪካ ሳለን» አሉ እማማ አለሚቱ፣ «ለአንድ ሸማኔ አራት የሽመና መኪና ነበር የሚሰጠው። አንዷ ጓደኛችን ምስጋና ትወድ ነበርና ስምንት ካልያዝኩ አለች። አለቆቹ አጨበጨቡላት። አንዱ ጋ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ሌላው ጋ ይበጠሳል። ወዲህ ስትል ወዲያ። በወሩ መጨረሻ ጨርቁ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሰነፍ አልነበረችም እኮ ልጄ። ከሁላችንም የምትበልጥ ጎበዝ ነበረች። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ! አራቱን ብቻ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ» ብለው ሳቁ። ዝናቡ ሲያባራ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በጳጉሜ አራት ከሰዓት በኋላ ፈርዶሳ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ቤት ገባች። ከሰሀር ደብተር አንድ ገጽ ቀድዳ የአዲስ ዓመት ዕቅዷን መጻፍ ያዘች። ስትጨርስ ለልጇ ሰጠቻት። ሰሀር ጮክ ብላ አነበበችው። «ሁሉንም ኮሚቴ መልቀቅ። በየሳምንቱ ስልጤ መሄድ። በየማለዳው ስፖርት። ቁርኣን እስከ መጨረሻው ቀርቶ ማኽተም። ኮምፒውተር መማር። ስኳር ማቆም። ዓረብኛ…» አቋርጣ በሳቅ ፈረሰች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ኡሚ፣ ይሄማ ዕቅድ ሳይሆን ቅዠት ነው! ከዘጠኝ ሥራ ወጥተሽ ዘጠኝ ዕቅድ ውስጥ ገባሽ እኮ።»

ፈርዶሳ መጀመሪያ ተቀየመች። ወረቀቱን መልሳ ስታየው ግን እሷንም ሳቅ ያዛት። እናትና ልጅ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ይሰርዙ ጀመር። በየሳምንቱ ስልጤ መሄድ እንደማይቻል ፈርዶሳ ራሷ ታውቀዋለች፤ «በሁለት ወር አንዴ» ተብሎ ተስተካከለ። ስፖርቱ ተሰረዘ። ስኳሩ ላይ ትንሽ ተከራከሩና እሱም ተሰረዘ። በመጨረሻ ሁለት መስመር ቀረ። በሁለት ወር አንዴ ኡምሀኒ ዘንድ ሄዶ ማደር፤ እሁድ ከቀትር በኋላ ሱቅ ዘግቶ ከሰሀር ጋር መዋል። ከዘጠኙ ኃላፊነትም ሁለቱን ብቻ ለማስቀረት ወሰነች፤ የመስጊዱን ጀመዓና፣ ሰሀር ትምህርቷን እስክትጨርስ የወላጆች ኮሚቴውን።

«ይኼ ብቻ?» አለች ፈርዶሳ። አንሶ አሳፈራት።

«እሱን አድርጊና እንተያያለን» አለች ሰሀር።

መወሰን ቀላል ነው፤ መናገሩ ነው ጣጣው። መስከረም በገባ በሁለተኛው እሁድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ የሺዋስ እንደ ልማዳቸው «የሴቶቹ ክፍል ያው በወይዘሮ ፈርዶሳ ይቀጥላል» ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሊያልፉ ሲሉ ፈርዶሳ እጇን አወጣች። ቆመች።

«ዘንድሮ አልችልም» አለች።

አቶ የሺዋስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታመሽ ነው እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሃያ ዓመት ሠራሁ፣ አሁን ሌላ ሰው ይሥራ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሱቋ ሲሞላላት እኛን ናቀችን» ስትል ፈርዶሳ በግልጽ ሰማቻት። ጆሮዋ ጋለ። አቶ የሺዋስም «እንግዲያው እስከ ፋሲካ ብቻ ያዥልን፣ ለእኔ ብለሽ» ብለው ለመኗት። ያቺ የለመደችው «እሺ» ጥርሷ ላይ ደርሳ ነበር። የእህቷን አንድ እግር አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አሰበችና ዋጠቻት።

«አልችልም አቶ የሺዋስ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ያን ጊዜ እማማ አለሚቱ ከተቀመጡበት፣ «እንኳን ሰው በሬም ከቀንበር ይፈታል! አመስግናችሁ አሰናብቷት እንጂ» ብለው ተቆጡ። ሰው አጉረመረመ፣ ቀስ እያለ አጨበጨበ። ቁልፉን ልብስ ሰፊዋ ጋዲሴ ተረከበች፤ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት፣ ድስቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። የቀሩትን ስድስቱን ማስረከብ ግን በአንድ ቀን አላለቀም። የመረዳጃው ሰዎች ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከውባታል። አንዳንድ ጎረቤትም ሰላምታውን ቀዝቀዝ አደረገባት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከፍቷት ሰነበተች።

የመጀመሪያው ጉዞ ለጥቅምት ሦስተኛ ቅዳሜ ተቆረጠ። ቦርሳዋን አርብ አዘጋጀች። ቅዳሜ ማለዳ ጥሩንባው ተነፋ፤ የጎረቤቷ የመዓዛ አባት አርፈዋል።

ፈርዶሳ ቦርሳዋን አየች፣ ከዚያ ሰሀርን አየች። ቦርሳውን እዚያው ትታ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ ቀብር ደርሳ ተመልሳ ድንኳን ውስጥ ከመዓዛ ጎን ቁጭ አለች። ከጓዳ የሚመጣው የሽንኩርት ሽታ ግን አላስቀምጥ አላት። «አረረ» ትላለች በልቧ። «ውኃ አልጨመረችም።» በመጨረሻ አልቻለችም፤ ተነስታ ወደ ጓዳው በር ሄደች።

ጋዲሴ ላብ በላብ ሆና ድስት ታማስላለች። «እትዬ ፈርዶሳ! እንኳን መጣሽ፣ ነይ ያዢልኝ» አለቻት።

የፈርዶሳ እጅ ወደ ማማሰያው ተዘረጋ። አየር ላይ ቆመ። «ትንሽ ውኃ ጨምሪበት፣ እሳቱን ቀንሺው» አለች እጇን እየሰበሰበች። «ሌላውን ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ።»

ወደ መዓዛ ተመልሳ በጆሮዋ፣ «እህቴን ልጠይቅ መንገድ ልሄድ ነው፤ ለሰልስቱ እመጣለሁ፣ አትቀየሚኝ» አለቻት። ትቆጣኛለች ብላ ጠብቃ ነበር።

መዓዛ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። «ምን ያስቀይመኛል? እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ነበርሽ፤ የማየው ግን ጀርባሽን ብቻ ነበር፣ ጓዳ ስትገቢ ስትወጪ። ዛሬ አጠገቤ ተቀመጥሽ እኮ። ሂጂ፣ በሰላም ግቢ።»

ፈርዶሳ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስትሮጥ፣ ሰዉም እንደ እህቷ ሳያያት ኖሯል።

ከቀትር በኋላ በመጣው አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የእህቷ ደጃፍ ደረሰች። ኡምሀኒ ግቢው ውስጥ ቀይ በርበሬ በሸራ ላይ ዘርግታ እያገላበጠች ነበር። ቀና ብላ ስታያት በመጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ማን ሞተ?» ብላ ነው።

«ማንም… ሰውስ ሞቷል፣ ግን ለሱ አይደለም። አንቺን ልጠይቅ መጣሁ።»

ኡምሀኒ በበርበሬ እጇ ፊቷን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች በክርኗ አቀፈቻት። አብረው ተቀምጠው በርበሬውን ይቀነጥሱ ጀመር። ስልኳ አምስት ጊዜ ጠራ። አራቱን ተወችው፤ በአምስተኛው አንስታ «ሰኞ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ እናታቸውን አነሱ። ፈርዶሳ የእናቷን ድምፅ እንደማታስታውስ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር፤ ለኡምሀኒ ነገረቻት። ኡምሀኒም እናታቸው በርበሬ ስትለቅም የምታንጎራጉረውን ዜማ፣ ግጥሙ ቢጠፋባትም፣ አንጎራጎረችላት።

ሁሉ ነገር እንደ ወረቀቱ ሄደ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ የጁማ መኪና መንገድ ላይ ተሰብሮ፣ ከሰሀር ጋር የሚያድር ሰው ጠፋና የፈርዶሳ የስልጤ ጉዞ ቀረ። ሁለት እሁድ ሱቋን ሳትዘጋ ዋለች፤ ሰሀር አኮረፈቻት። ቦዩም አንዴ ያለወቅቱ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ፈርዶሳ ግን አልተጠራችም፤ ወጣቶቹ ራሳቸው አካፋ ይዘው ወጡ።

በጥር እናትና ልጅ አብረው ስልጤ ሄዱ። ኡምሀኒ ለእንግዶቿ ምሳ ልታቀርብ ስትወጣ ስትገባ፣ ሰሀር ወረቀትና እስክርቢቶ አውጥታ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንጨምር?» አለቻት።

ፈርዶሳ አሰበች። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ቀኑ ገና ነው።

«ምንም» አለች። «ይኼው ይበቃናል። ተነሺ፣ እህቴን እናግዛት።»