አማች በቁምጣ

ሩጫው ውስጥ የገባሁት ከእድር ስብሰባ በመቅረቴ ነው። በእኛ ሰፈር ከስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል። ባለፈው ስቀር የድንኳን ኃላፊ አድርገውኝ ነበር፤ የአሁኑ ግን ግማሽ ማራቶን ሆነ። ሊነግሩኝ የመጡት ሽማግሌዎች በጭብጨባ መጽደቁን ጨምረው ነገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመርሳ ወጣ ብሎ ተነስቶ ወልድያ መግቢያ ላይ የሚያልቅ የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጀ። ሯጩ መንገዱ ለመኪና ከመከፈቱ በፊት ከደረሰ፣ የላከው ቀበሌ ጤና ጣቢያ አንድ የማዋለጃ አልጋ ያገኛል። ካልደረሰ ሯጩ ካናቴራውን ይዞ ይሄዳል። የእኛ ጤና ጣቢያ አልጋ በጦርነቱ ጊዜ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ሴቶቻችን የሚወልዱት ከትምህርት ቤት በተዋስነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለታል። ልጄ እየሩሳሌም ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ድንጋዩን ካየሁ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአካሌ ሥራ የለመደው ቀኝ እግሬ ብቻ ነው፤ እሱም የስፌት መኪና ሲረግጥ ነው። የሩጫው አስተባባሪ አብዱልሐሊም፣ የስፖርት መምህሩ፣ አንድ ቀን ስለማመድ አይቶኝ አዘነ።

«ጋሽ አበባው፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ።»

«ቀስ በል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ብዬ ነበር። ከዚህ ቀስ ካሉ ግን መራመድ ይሆናል።»

የምለማመደው ከማሳው ጀርባ፣ ሰው በማያየኝ በኩል ነበር። በእኛ አገር ጎልማሳ ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ እሳት ተነስቷል፣ ወይ ሌባ ገብቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ ሰሞን በመንደር መሃል ብሮጥ ሦስት ሰው ዱላ ይዞ ተከተለኝ፤ ሌባው በየት በኩል እንደሄደ ጠየቁኝ። ከፊት ነው ብያቸው ተገላገልኩ።

ችግሩ ዩኒፎርሙ ነው። ከተሰጠን ካናቴራና ቁምጣ ውጭ የለበሰ አይቆጠርም ተባለ። ቁምጣው ከጉልበት በላይ ነው። ጨርቅ ቀጥዬ ላስረዝመው ሞከርኩ፤ የሚለጠጥ ዓይነት ስለሆነ መኪናዬ አልሰፋም አለች። ወልድያ ለመግባት ጥቂት ሲቀር ደግሞ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የአማቴ የእማማ ብዙነሽ መንደር አለች። አማች እንኳን ጭኑን፣ ክርኑንም ለአማቱ አያሳይም። ስለዚህ መሮጤን እንዳትነግራቸው ባለቤቴን ብርቱካንን አስማልኳት። መንደሯ ጋ ስደርስ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ፣ ያለ የሌለ ጉልበቴን አሰባስቤ እንደ ነፋስ ላልፍ አሰብኩ። በሕይወቴ ካሰብኳቸው ነገሮች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው።

በሩጫው ቀን ወጣቶቹ ገና ከመነሻው ጥለውኝ ሄዱ። ሲሪንቃን ሳልፍ ከኋላዬ የቀረው የመጨረሻውን ሯጭ የሚከተለው መኪና ብቻ ነበር፤ አብዱልሐሊም በመስኮቱ ብቅ እያለ «አብሽር ጋሽ አበባው» ይለኛል። ከእሱ ኋላ ሚኒባሱና አይሱዙው ተሰልፎ፣ መንገዱ እስኪከፈት በእኔ ፍጥነት ይነዳል። ወደ ወልድያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሮጦ የሚያውቅ ሰው ግን አይደለም።

የአማቴ መንደር ስትታየኝ እንዳሰብኩት አደረግኩ። ኮፍያዬን ደፋሁ፣ አንገቴን ሰበርኩ፣ ፈጠንኩ። እማማ ብዙነሽ ከመንገዱ ዳር ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመው ኖሯል።

«አበባው።»

ቆምኩ። አማት ጠርታው የሚያልፍ አማች አልተወለደም። ካናቴራዬን ወደ ታች እየጎተትኩ ጎንበስ ብዬ፣ «እንዴት አደሩ እማማ?» አልኩ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። ሁሉም ደህና ነው። ማንም አልሞተም።»

«ሞተ አላልኩህም» አሉ።

«ማንም አልሞተም» ስል ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ እውነቱን አስቀድሞ አይናገርም። ደህና ናቸው ይላል፣ ትንሽ አሟቸዋል ይላል፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት ይላል። ስለዚህ ደህና ናቸው ባልኩ ቁጥር አንዲት ሴት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች።

«ሩጫ ላይ ነኝ እማማ። ለማዋለጃ አልጋ ነው።»

«ሩጫውማ ጧት አለፈ» አሉ ከጎናቸው የቆሙት ጎረቤት። «አይተናል። ልጆች ናቸው።»

ማዋለጃ የሚለውን ሲሰሙ እማማ ብዙነሽ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «እየሩሳሌም ናት» አሉ። አንዲት ጎረቤት ስልክ አውጥታ ብርቱካን ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ብርቱካን ከእየሩሳሌም ጋር መጨረሻው መስመር ላይ፣ የድምፅ ማጉያው ሥር ቆማ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን የማይነሳ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ለቅሶው ተነሳ።

አልፈርድባቸውም። ልጃቸው ሀብቴ በጦርነቱ ሲሞት የመጣው ሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ «ትንሽ ቆስሎ ነው፤ ወልድያ ተኝቷል» ብሏቸው ነበር። በሶ አዘጋጅተው፣ በእግራቸው ወልድያ ድረስ ተሸክመውለት ሄዱ። ያሳዩዋቸው መቃብሩን ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀስተኛ እንኳን አልመጣላቸውም። በሶውን ይዘው ተመለሱ።

«እኔ ደህና ናት መባልን አላምንም» አሉኝ። «ወደ እሷ ነው የምትሄደው? እሄዳለሁ።»

መሮጥ ጀመርኩ። እሳቸው ክንዴን ያዙ፤ መንደሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኋላችን እያለቀሰ ወጣ። ሩጫ የምለው ለክብሬ ብዬ ነው። የሰባ ዓመት አማቴ እየተራመዱ እኩል ነበርን።

በዚህ መሃል መንገዱ የሚከፈትበት ሰዓት ደረሰ። ትራፊክ ፖሊሱ ሚኒባሶቹን ሊለቃቸው እጁን አነሳ፤ አልጋው ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። ከዚያ ለቅሶውን አየ። እጁን አወረደ፣ ኮፍያውንም አወለቀ። ለቅሶ እያለፈ ጥሩንባ የሚነፋ ሾፌር ደግሞ በእኛ በኩል የለም። ሞተር ሁሉ ጠፋ። አብዱልሐሊም ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ መጣ።

«አላህ ያጽናዎት ጋሽ አበባው። ማን ነው?»

«ማንም።»

«ኢና ሊላህ» አለና አንገቱን ደፍቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀላቀለ።

ወልድያ መግቢያ ላይ ስንደርስ ሙዚቃውን አጠፉት። ብርቱካን እናቷን ከለቅሶ መሃል ስታያቸው፣ ከእናቷ መንደር ሰው የሞተ መስሏት እየጮኸች መጣች። እነዚህ ያለቅሳሉ፣ እነዚያ ያለቅሳሉ፣ ሟቹን የሚያውቅ ግን የለም። መስመሩን ያለፍኩት በዚህ ሁኔታ ነው። የድርጅቱ ሰው ስሜን ሲመዘግብ እንኳን እንባውን ይጠርግ ነበር።

እየሩሳሌም ሆዷን ደግፋ ከጥላው ሥር ተነሳች። እማማ ብዙነሽ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አለሽ?»

«አለሁ እማማ። ምን ሆነሽ ነው?»

ያን ጊዜ ለቅሶው ያቆማል ብዬ ነበር። አላቆመም። እማማ ብዙነሽ የሀብቴን ስም ጠርተው አለቀሱ፤ የመጣው ሕዝብ ሁሉ፣ ሯጮቹም ሜዳሊያቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ አብሯቸው አለቀሰ። መንገዱ ተዘግቶ የቀረው ለቅሶ ደረሰ። እኔም አለቀስኩ። ሀብቴን እወደው ነበር።

ሲያበቁ እንባቸውን ጠረጉ። ነጠላቸውን አውልቀው በወገቤ ላይ አሰሩልኝ፤ ቁምጣዬን ያኔ ነው ያስታወስኩት።

«ስማኝ አበባው» አሉ። «ከዛሬ በኋላ ወደ እኔ ስትመጣ፣ ነገሩ ደግ ከሆነ ሮጠህ ና። ክፉ ከሆነ በእግርህ ና። እስክትደርስ ድረስ ሰዎቼ በሕይወት ይቆዩልኛል።»

አልጋው መጣ። አራቱም እግሩ እኩል ነው። እየሩሳሌም ከወር በኋላ አንድ ማለዳ እዚያው ላይ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ጠረጴዛው ለተማሪዎቹ ተመለሰ፣ ድንጋዩን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

የዚያኑ ቀን በሚኒባስ ሄጄ አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። የአማቴ ቤት ከመንገዱ ትንሽ ዳገት አለው፣ ጉልበቴም ከሩጫው ወዲህ ዳገት አይወድም። እማማ ብዙነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አዩኝና ቀስ ብለው ተነስተው ቆሙ። እግሬን እግሬን ያዩ ነበር።

ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ የምስራች ልል አፌን ብከፍት ትንፋሽ አጣሁ።

«ምስር ብላ» አሉኝ።