ሬዚኑና ንግግሩ

ናሁሰናይ ደውሎ "እንግዳው በር ላይ ናቸው" ሲላት ሂንዳ አመነችው። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ምህንድስና የተማረች ሴት ይህን ማመን አልነበረባትም። እንግዳ በር ላይ ነው ማለት እኮ ገና ሻል ይደረብለታል፣ የግመል ወተት ይቀምሳል፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ይጨብጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ካላማረ ደግሞ እንደገና ይነሳል ማለት ነው። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ማጠንከሪያውን ባልዲው ውስጥ ካለው ሬዚን፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ ከሚሆነው ሙጫ፣ ጋር አማሰለችው።

ማጠንከሪያ የገባበት ሬዚን ደግሞ ፕሮቶኮል አያውቅም። መጀመሪያ እንደ ማር ይፈስሳል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ በቀትር፣ ይብስበታል።

የሚሠራው የባጃጅ ጣሪያ ነበር፤ የደምበል ወረዳ ወላዶችን ወደ ጤና ጣቢያ ለምታመላልስ ባጃጅ። ደረቁ የፋይበር ምንጣፍ በሞልዱ፣ በቅርጽ ማውጫው፣ ሁለት ገጾች መሃል ተነጥፎ፣ ሞልዱ በብሎን ጥርቅም ብሏል። የቀረው ሬዚኑን ከባልዲው በፓምፕ እየሳቡ በቱቦ ማስገባትና ዳር ዳር ባሉት ቀዳዳዎች ብቅ እስኪል መጠበቅ ነው። መሃል መንገድ ላይ ከደረቀ ጣሪያውም ሞልዱም አይተርፉም፤ ሌላ ሞልድ ደግሞ የለም። ጣሪያው ዛሬ በእንግዳው ፊት ካልወጣ ሂንዳ የምትሠራበት ኮሌጅ ወርክሾፗን የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርገው ወስኗል። ኮሌጁ ሁለት አዳራሽ አለው። በሁለቱም የተደረገው ስብሰባ "ሦስተኛ ያስፈልገናል" ብሎ ነው የተበተነው።

በእንግዳው ፊት ማማሰል ይቻል ነበር። የከለከለው ናሁሰናይ ነው። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ የኮሌጁ ፕሮቶኮል ኃላፊ ነውና፣ ሽታው እንግዳ ያፍናል፣ ባልዲ ማማሰልም ለካሜራ አይሆንም፣ እንግዳው የቱቦውን ቫልቭ ብቻ ይከፍታሉ አለ።

እንግዳው አቶ ዘነበ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ኃላፊ፣ በስንት መከራ ገቡ። ሂንዳ ባልዲውን ነካችው፤ ለብ ብሏል። ናሁሰናይን ወደ ጥግ ጠርታ ቫልቩ አሁኑኑ ይከፈት ብላ ለመነችው። እሱም መርሐ ግብሩን አስታወሳት፤ መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ዱዓ፣ ከዚያ ቫልቭ።

"ናሁ፣ ይደርቃል እኮ።"

"ንግግሩ አጭር ነው፣ የኔ እህት።"

አጭሩ ንግግር የጀመረው ከዓለም ኢኮኖሚ ነው። በዚያ ላይ የተባለው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይባላል፤ አቶ ዘነበ በአማርኛ፣ ከዚያ ማሃድ ለሽማግሌዎቹ በሶማልኛ። ማሃድ የሂንዳ የሥራ ባልደረባ ነው፤ የፋይበሩን ምንጣፍ አብሯት የቆረጠ ሰው። ንግግሩ አፍሪካ ሲደርስ ሂንዳ ባልዲውን ነክታ፣ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጇን መነጨቀች። ማሃድ አያት።

አቶ ዘነበ ወደ ዋናው ሐሳባቸው ከመግባታቸው በፊት ጥቂት ነጥቦች እንዳሏቸው ተናግረው ውሃ ሊጠጡ ጠርሙስ አነሱ። ማሃድ የሽማግሌዎቹ መሪ ወደሆኑት ወደ ሐጂ ሺሬ ዞረ። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት፣ በሶማልኛ፣ እንደ አጎት አክብሮ፦

"አዴር፣ እንግዳው ጨርሻለሁ፣ ዱዓ አድርጉልኝ ይላሉ።"

ሐጂ ሺሬ እጃቸውን ዘረጉ። ወርክሾፑ በሙሉ ዘረጋ። አቶ ዘነበ ግራ ገባቸው፤ ግን ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሳለ ብቻውን ንግግር የሚቀጥል ኃላፊ ገና አልተፈጠረም። ጠርሙሱን ብብታቸው ስር ሸጉጠው እሳቸውም ዘረጉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። የሐጂ ሺሬ ዱዓ ከዝናቡ ተነስቶ፣ በሰላሙና በከብቱ አልፎ፣ ኤረር ያለ ዘመድ ዘንድ ሳይቀር ይደርሳል። ሂንዳ በበኩሏ አንድ ልመና ብቻ ነበራት፤ እንዲያጥር። ዝናቡ ተለመነ። ሰላሙ ተለመነ። ግመሎቹ ጋ ሲደርሱ የሬዚኑ ሽታ የሐጂን ጉሮሮ ያዘው። ሳሉ፣ ሳሉና "አሚን" አሉ።

"አሚን" አለ ሰዉ፤ ሂንዳ ከሁሉም ጮክ ብላ።

አቶ ዘነበ ወደ ማይክሮፎኑ ሊመለሱ ሲሉ ሐጂ ሺሬ ክንዳቸውን ያዙ። ያሉትን ማሃድ በዚህኛው ጊዜ ቃል በቃል ተረጎመው፦

"ዱዓ የተደረገለት ሥራ አይቀመጥም፣ ልጄ። ቢስሚላሂ በልና ክፈት።"

ከፈቱ። ሬዚኑ ቱቦውን ሞልቶ ገባ። ቅርብ ባለው ቀዳዳ ብቅ አለ፤ ሂንዳ ዘጋችው። በቀኝ በኩል ብቅ አለ፤ ዘጋችው። የመጨረሻው ጥግ ግን ባዶ ነው። ተንበርክካ ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ ወደ ቀዳዳው ታይ ጀመር። ባልዲው ውስጥ የቀረው ትርፍ መጤስ ጀምሯል። ከዚያ አንዲት ወፍራም፣ ማር የመሰለች ጠብታ ወጣች፤ ሌላም ተከተላት። ሂንዳ ቀዳዳውን ቆልፋ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ቀስ ብላ።

የቀረው ጣሪያው ሞልዱ ውስጥ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። አቶ ዘነበ፣ የሚፈቀድላቸው ከሆነ፣ ወደ ዋናው ሐሳብ ሊገቡ እንደሚወዱ በትሕትና ገለጹ። ተፈቀደላቸው እንጂ። ሂንዳ በሕይወቷ ንግግር እንዲህ ጥሟት አያውቅም። ማሃድ አንዲት ቃል አላስቀረም፤ ያልተባለም ጨማምሯል ይባላል። ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ሞልዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ገና ነው። ወደ ናሁሰናይ ጠጋ አለች።

"ናሁዬ፣ ጥያቄና መልስ የለም እንዴ?"

መርሐ ግብሩ ላይ የለም አላት። ቢገባስ አለችው። ገባ።

ብሎኖቹ ሲፈቱ ጣሪያው ሙሉ ሆኖ፣ ጥጉ ሳይጎድል ወጣ። አቶ ዘነበ በጣታቸው አንኳኩት፣ ቀጥሎ በመዳፋቸው፣ ካሜራው ሲዞር ደግሞ በቡጢ። ምንም አልሆነም። ለናሁሰናይ ወርክሾፑ እንዳይነካ፣ አዳራሽ ከፈለጉም ሌላ ቦታ እንዲያዩ ነገሩት። ናሁሰናይ በጉዳዩ ላይ ስብሰባ እንደሚጠራ ቃል ገባ።

ሂንዳ አልሰማችውም። ጣሪያውን ከማሃድ ጋር በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ በነፋሱ እየተንገዳገዱና እየሳቁ፣ ወደ ባጃጇ እያመሩ ነበር።