ሳሎን መሃል የተተከለ ድንኳን

እናትየው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነች። በመጀመሪያ ሙከራ ያሳለፈችው ሰው አለ ቢባል ማንም አያምንም። ልጇ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ገብታ ልታድር መሆኗን ስትነግራትም፣ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ መጀመሪያ ትፈተኛለሽ» ብላ ድርቅ አለች። ከወደቀች መሄድ የለም። ልጅቷ ደግሞ የጉዞው ነገር እንቅልፍ ነስቷታል።

ሶፋው ተገፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ መጋረጃው ተዘግቶ መብራቱ ጠፋ። አባትየው አውሬ እንዲሆን ተመደበ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቶ አያውቅምና ደስታውን አልቻለውም፤ እየዳኸ ያጓራ ጀመር።

«ምግቡስ?» አለች ፈታኟ ከወንበሯ ሆና።

«ከድንኳኑ ርቆ ተሰቅሏል!» አለች ልጅቷ ከውስጥ። እውነትም ፌስታሉ ኮሪደሩ ላይ፣ ኮት መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እሳቱስ?»

«ውሃ አፍስሼበት፣ አመዱን አገላብጬ፣ መብረዱን አረጋግጬ ነው የገባሁት!»

እስካሁን አንድም አልሳተችም። 

ይሄኔ አውሬው ጮኸ። ይሄኛው ጩኸት ግን የምር ነው፤ በጨለማው ከጠረጴዛው እግር ጋር ተላትሟል።

«ወይኔ ጉልበቴን!»

ልጅቷ ዘላ ልትወጣ ዚፑን ያዘች። አባቷ ነዋ! ግን እንደምንም ራሷን ገታች።

«አባዬ፣ ደም አለው?»

«የለውም፤ ግን ሞቻለሁ!»

ባትሪዋን አበራች። ጫማዋን አንስታ፣ እግሯን ከማስገባቷ በፊት ገልብጣ አራገፈችው። የልብስ መቆንጠጫ ዱብ አለ። እናቷ ደብቃ ያስገባችው ጊንጥ መሆኑ ነው።

ፈታኟ ብድግ ብላ ድንኳኑ በር ላይ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አልፈሻል» አለች። ቃሉን ስላልለመደችው አፏ ላይ ትንሽ ተደናቀፈ።

ልጅቷ እልልታዋን አቅልጣ ተጠመጠመችባት። ዘንጉ ተነቀለና ድንኳኑ ሁለቱም ላይ ተደረመሰ። ሞቻለሁ ያለው አውሬ ጉልበቱን ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። እናትየው ግን ከሸራው ሥር ሆና የልጇን እጅ አልለቀቀችም።

«እንደደረስሽ ደውዪልኝ፣ እሺ?»

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ኔትወርክ የለም።»

እናትየው ይሄን አላሰበችበትም ነበር።

«እንግዲያው» አለች እጇን ጠበቅ አድርጋ፣ «መጥተሽ ትነግሪኛለሻ።»