ለእልፍነሽ የተላኩ ሽማግሌ

እባብ የሚፈራ ሰው አያናድደኝም። የማውቀውን ነገር ሊያስተምረኝ የሚነሳ ሰው ግን ያናድደኛል። ዘመንፈስን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላናገርኩት በዚሁ ነው።

ዘመንፈስ ሳን ሆዜ የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እንደ እኔው አይጥ በል እባብ ያረባል። እነዚህ እባቦች መርዝ የላቸውም፤ አይጧን ጠምጥመው አንቀው ይበላሉ፤ በደንብ ከተያዙ ሃያ ዓመት ይኖራሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ያለው አፓርታማዬ መጣና ነጯን እባቤን እልፍነሽን ከመስታወት ሳጥኗ አወጣት። የጅራቷን ሥር በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ «ግርማቸው፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተሸኘ። ዶክትሬት ያለኝ ሰው ነኝና በማግስቱ «ስለ እባብ ጅራት እና ስለ ሾፌር ድፍረት» የሚል ስድስት ገጽ መልስ ከነግርጌ ማስታወሻው ጽፌ የሐበሻ እባብ አርቢዎች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አስራ አንዱም አባላት አነበቡት።

ዘንድሮ እልፍነሽ አስራ ሁለት ዓመት ሞላት። እንደ እርሳስ ቀጥና ሳለች ጀምሬ ያሳደግኋት ናት። ሴት እባብ በዚህ ዕድሜዋ ዘንድሮ እንቁላል ካልጣለች ከርሞ አትጥልም። ዘሯን ሳላይ ልቀር ነው። በአካባቢው ነጭ ወንድ ያለው ደግሞ ዘመንፈስ ብቻ ነው። የእባቡ ስም ኮሎኔል ነው።

ይቅርታ ከመጠየቅ ሽማግሌ መላክ ቀለለኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸውን ጋሽ ማቲዎስን ለመንኳቸው፤ ኦክላንድ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም።

«የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉኝ።

«የወንዱ ወገን ኩራተኛ ነው፣ ጋሽ ማቲዎስ።»

«አንተስ?»

«እኔ ትክክል ነኝ። እሱ ሌላ ነገር ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት እልፍነሽን ትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ቋጥሬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌያት በጋሽ ማቲዎስ መኪና ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ፍሪዌይ ልንገባ ስንል ዞር ብለው «ለሙሽራዋ ቀበቶ አስረህላታል?» አሉኝ።

ዘመንፈስ ጋራዡን ከፍቶ ጠበቀን። የእንስሳት ክሊኒክ የምትሠራው ልጁ ሩሓማ ወንበር አመጣች። ጋሽ ማቲዎስ እጃቸውን አነሱ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ይናገሩ እስቲ፣ ጋሼ» አለ ዘመንፈስ። እኔን አላየኝም።

«ቤታችሁ የተከበረ ነው ብለን መጥተናል። ኮሎኔል ለልጃችን ለእልፍነሽ ይሁንልን።»

«ለመሆኑ ሙያዋ ምንድን ነው?»

«በሳምንት አንድ አይጥ» አልኩ።

ጋሽ ማቲዎስ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ቁጥብ ናት ማለቱ ነው።»

«እሺ ብያለሁ» አለ ዘመንፈስ።

ስድስት ገጽ ሙሉ የተሰደበ ሰው እንዲህ በቶሎ እሺ ሲል መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የትራስ ልብሱን እየፈታሁ ነበር።

ኮሎኔል ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገባናት። ሁለቱ ነጫጭ እባቦች ምላሳቸውን አርገበገቡ፣ ተጠጋጉ፣ ከዚያ አንገት ለአንገት ተጠማዝዘው እንደ ገመድ ተገምደው ከወለሉ ብድግ አሉ። ጋሽ ማቲዎስ ለጨዋነት ፊታቸውን ጥግ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አዞሩ። እንባዬ መጣ።

«አየህ፣ ዘመንፈስ?» አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በስሙ ጠርቼ ሳናግረው የመጀመሪያዬ ነው። «ወንድ ያልከኝ ይቺን ነው? ፍቅር እንዲህ ነው።»

«አንክል» አለች ሩሓማ፣ «ዘይ አር ፋይቲንግ።»

«ገና ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

ኮሎኔል የእልፍነሽን ጭንቅላት ወለሉ ላይ ደፈቀው።

«ሁለት ወንዶች ሲገናኙ የሚታገሉት እንዲህ ነው» አለ ዘመንፈስ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣፋጭ እንደሚያጣጥም ሰው። «አይነካከሱም። የሌላውን ጭንቅላት መሬት ያስነካ ያሸንፋል። የግርጌ ማስታወሻ ላይ አልነበረም?»

አስራ አራት የግርጌ ማስታወሻ ጽፌ አንዱም ትዝ አላለኝም። እንቁላል የለም፣ ዘር የለም፤ አስራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም። ሩሓማ ያመጣችው ወንበር ላይ ተዘረጋሁ።

በዚህ መሃል እልፍነሽ ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ዞሮ ኮሎኔልን ከላይ ጫነው፣ ጭንቅላቱን ጥግ ላይ አጣበቀው። ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ አጨበጨብኩ።

«እልፍነህ በለው እንግዲህ» አለ ዘመንፈስ። ከዚያ የማላውቀው ሳቅ ያዘው፤ ጎኑን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «አንተ ሞኝ፣ ሴት ብትሆን ነበር ያለቀልህ። ወንድ እኮ በአስራ ሁለት ዓመቱም ዘር ይሰጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገትከው ለሐዘንህ ነበር።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ ድኛለሁ። እንዲህ ዓይነት ሽንፈት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ መሳቅ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ።

«ሙሽራዋ የታለች?» አሉ ጋሽ ማቲዎስ ከማጠቢያ ማሽኑ በኩል። «እግሬ ዝሏል።»

«ዩኒየን ሲቲ፣ ካሳነሽ ጋ ነጭ ሴት እባብ አለች» አለች ሩሓማ። «ኮል ላድርግላት?»

«የተሸነፈው ይቀመጥ፣ ያሸነፈው ይሂድ» አለ ዘመንፈስ፤ ኮሎኔልን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ እልፍነሽን ወደ ትራስ ልብሱ መለሰና መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። አሁን ሁለታችንም የወንድ ወገን ነን። ጋሽ ማቲዎስ «ወጉ ተስተካከለ» ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ካሳነሽ በሯ ላይ ጠበቀችን። ግሩፑ ውስጥ ካሉት አስራ አንድ አባላት አንዷ ናት። ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ዶክተር፣ ጽሑፍዎን አስቀምጬዋለሁ። እዚሁ ቆመው ያንብቡልን፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

አነበብኩ። ገጽ ሦስት ላይ ዘመንፈስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የሳቅ እንባውን ይጠርግ ነበር። «ስለ ሾፌር ድፍረት» የሚለውን ክፍል ሁለቴ አስደገመኝ። ዘጠነኛው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ካሳነሽ «በቃ፣ ግቡ» አለች። ጋሽ ማቲዎስ በስተመጨረሻ ተቀመጡ።

ሰኔ ላይ ካሳነሽ ደወለች። አስራ ሦስት እንቁላል።

«እንዳታገላብጫቸው» አልኳት። «የእባብ እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል አይገለበጥም፣ ፅንሱ ይሞታል። ላይኛውን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

ቢሆንም አራት ገጽ መመሪያ ጻፍኩላት። ከመላኬ በፊት ለዘመንፈስ አሳየሁት። ሁለቱን ገጽ ሰረዘ።